የመሸበት እንግዳ

እንግዲህ ጠጋ በሉና አድምጡኝ፤ ከጎንደር በስተደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዘዞ ስትደርሱ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ዞሮ በጭልጋ አድርጎ መተማ ይገባል። የማወጋችሁ በዚህ በጭልጋው መንገድ በየማታው ስለሚወጡ ሁለት ሴቶች ነው፤ አንዷ ሰማንያን ያለፉ እመት ናቸው፣ ሁለተኛዋ የምታስታምማቸው የደምቢያ ልጅ ናት።

እመት ጭልጋ ተወልደው በልጅነታቸው አዘዞ ተዳሩ፣ ከዚያም ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ባላቸውንም ቀበሩ። ከዚያም አንድ ክረምት ወጡን ደጋግመው ጨው ጨመሩበት፣ ቆይተውም የበኩር ልጃቸውን «አንተ የማን ነህ?» አሉት። ዘመድ «እርጅና ነው፣ ጃጅተው ነው» ብሎ ዝም አለ። እኔ ይህን ዝምታ አልወደውም፤ ሕመም ነውና። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በአንዲት የመርሳት ሕመምተኛ አንጎል ውስጥ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1906 ለሐኪሞች ተናግሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች እንዲህ ታመው ይኖሩ እንደነበር ይገልጻል። ፈውስ ግን እስካሁን አልተገኘለትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እመት ይነሣሉ፣ ነጠላቸውን ያጣፋሉ፣ «ቤቴ ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ይላሉ። መጀመሪያ ልጅቱ በሩን ዘግታ «እምዬ፣ ቤትዎ ይኸው፤ እናትዎ እኮ ድሮ ነው የሞቱት» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም ገና ያን ጊዜ እንደ ሰሙ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ፣ በማግሥቱም እንደዚያው። እስቲ አስቡት፣ ለአንድ ሞት በየማታው መርዶ መረዳት! ልጅቱ አልቻለችም፤ አንድ ማታ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ እንዳለ በሩን ከፈተችና ጋቢ በትከሻዋ ጣል አድርጋ «እሺ እምዬ፣ እንሂድ» አለቻቸው።

ከዚያም ወጡ፣ ጭቃውን በቀስታ እየመረጡ፣ ባጃጅ ሲመጣ ጥግ እየያዙ፣ ሲደክማቸው ድንጋይ ላይ አረፍ እያሉ። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እመት አፄ ሱስንዮስ እዚሁ አዘዞ፣ ገነተ ኢየሱስ መቀበራቸውን ይነግሯታል፤ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ነው የሞቱት። የአባታቸውን በሬዎችም በስም በስማቸው ይጠራሉ። እሷን «እቴ» ይሏታል፣ ታላቅ እኅታቸው መስላቸው፤ እሷም «ከዚያስ?» ትላለች።

ጨለም ሲል «መሽቷል፣ ዛሬ እዚሁ ሰው ቤት እንደር፣ ነገ በማለዳ እንገሠግሣለን» አለቻቸው። ይህን እመት ያውቁታል፤ በዱሮው አገር መንገደኛ የመሸበት ያድራል እንጂ ጅብ ሲጮህ አይሄድም። እሺ ብለው ተመለሱ፣ ከገዛ ራሳቸው ደጅ ቆመውም «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ!» ብለው ተጣሩ። ልጃቸው ከውስጥ ሰማ፣ ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ብሎ ወጣ፣ ውኃ አሙቆም እንደ እንግዳ ወግ እግራቸውን አጠባቸው። እሳቸውም መረቁት።

ከዚያ ወዲህ የማታው ጉዞ እንዲህ ሆነ። ልጅቱም እናት አላት፣ ወገቧም ይደክማል፤ ስለዚህ እሑድ እሑድ ደምቢያ ትሄዳለች፣ ያን ቀን ጋቢውን ይዞ ወደ ጭልጋ የሚያደርሳቸው ልጃቸው ነው፣ «ጋሼ፣ በእግዜር፣ መንገዱን አሳየኝ» ይሉታል፣ እሱም ክንዳቸውን ይዞ ይወጣል።