ተቀዳለት ወይስ ተቀዳበት?

ልጅ ሆኜ ቤታችን ባለሁለት ካሴት ቴፕ ነበረን። በአንዱ በኩል ዋናውን ካሴት፣ በሌላው በኩል ባዶውን ወይም የተሰለቸውን አስገብቶ ቁልፉን መጫን ነው። የተሰለቸው ካሴት አናቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ክፍት ከሆኑ አልቀዳም ስለሚል ወረቀት አጣጥፈን እንወትፋቸው ነበር። ይህን ሁሉ ስናደርግ «ካሴት እየቀዳን ነው» እንላለን እንጂ ስርቆት የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ቅጂው ብዙ እጅ ባለፈ ቁጥር ድምፁ እየደከመና እየሻከረ ስለሚሄድ፣ ጥርት ያለ ድምፅ የሚወድ ሰው ዞሮ ዞሮ ሙዚቃ ቤት ሄዶ ዋናውን ይገዛል።

ዛሬ የማብራራው ቃል የዚያ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ፋይል ሼሪንግ። ሰዎች ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያለውን ዘፈን፣ ፊልም ወይም ሌላ ፋይል ከማያውቁት ሰው ጋር ሳይቀር በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣጡበት አሠራር ነው።

በሙዚቃ በኩል ነገሩን ያስጀመረው ኤምፒ3 ነው። ሲዲ ላይ ያለ የአንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ ኤምፒ3 ጆሮ ብዙም የማያስተውለውን እየቀነሰ ወደ 1 ሜጋባይት ግድም ያወርደዋል። ከዚያ ናፕስተር መጣ። ቦስተን በሚገኘው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሻን ፋኒንግ በ1999 ለሕዝብ ያቀረበው ፕሮግራም ነው (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ናፕስተር ራሱ ዘፈን አያስቀምጥም ነበር። የያዘው የትኛው ዘፈን ማን ዘንድ እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ብቻ ነው፤ ፋይሉ የሚሄደው ከአንዱ ሰው ኮምፒውተር በቀጥታ ወደ ሌላው ነው። ይህን ዓይነቱን ግንኙነት የሙያው ሰዎች «አቻ ለአቻ» ይሉታል። ጥሩ ትርጉም ነው፤ አልነካውም። ከካሴቱ ዘመን የሚለየው እዚህ ቅጂ የማይደክም መሆኑ ነው። ሚሊዮንኛው ቅጂ እንደ መጀመሪያው ጥርት ያለ ስለሆነ ማንንም ወደ ሙዚቃ ቤት አይመልስም።

ያስቸገረኝ «ሼሪንግ» ነው። «ማካፈል» እንዳልል፣ እንጀራውን ያካፈለ ሰው ድርሻው ይቀንስበታል፤ ፋይል የሰጠ ሰው ግን የሚጎድልበት የለም። «ማጋራት»ን ማኅበራዊ ሚዲያው ወስዶታል፤ ዛሬ «አጋሩ» ሲባል የሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ነው። የሙዚቃ ኩባንያዎች የሚመርጡት «ስርቆት» ደግሞ በሌላ በኩል ያነክሳል። የተሰረቀ በግ ከበረት ይጠፋል፤ የተቀዳ ዘፈን ግን ባለቤቱ ዘንድ አለ፤ የጠፋው ምናልባት ሊሸጥ ይችል የነበረው ነው። እንግሊዞች ያለፈቃድ መጽሐፍ የሚያትሙትን ሰዎች የባሕር ላይ ወንበዴ ማለት ከጀመሩ ከ300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ «ፓይረሲ» የሚባለውም ከዚያ የመጣ ነው። ዘፈን ከኢንተርኔት ያወረደ ተማሪን በአማርኛ የባሕር ላይ ወንበዴ ብለን ብንጠራው ግን የሚስቅ እንጂ የሚደነግጥ አናገኝም።

እኔ የማቀርበው «የቅጂ ቅብብል» የሚለውን ነው።

«ቅጂ» ከ«ቀዳ» የመጣ ነው። ውኃም ካሴትም የምንቀዳው በአንድ ግሥ ነው። ምንጭ ስለተቀዳ አይነጥፍም፤ ምንጩ የማን ማሳ ውስጥ ነው የሚለው ጥያቄ ግን አለ። ሕጋችንም ይህንኑ ቃል ይዟል፤ በእኛ አቆጣጠር በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ተብሎ ነው። አዋጁ አንድ ሰው ከታተመ ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። አንድ ቅጂ፣ ለግል። ለማይተዋወቁ ሺህ ሰዎች ሲዳረስ ከዚህ አጥር ወጥቷል።

«ቅብብል» ስላችሁ የዱላ ቅብብል ትዝ ይላችሁ ይሆናል። እዚያ ዱላውን የሰጠው ሯጭ ባዶ እጁን ስለሚቀር ነገሩ አይገጥምም። እኔ ያሰብኩት የአዝማሪ ቤቱን ነው። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ከማሲንቆው ጋር ያዜመዋል። ስንኙ ሰጪውም ዘንድ አለ፣ ተቀባዩም ዘንድ አለ፣ ነገ ማታ ደግሞ ሌላ ቤት ይሰማል። ቃሉ አድራጎቱን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። አስቤበት ነው፤ ፍርዱን በተመለከተ ሙዚቀኞች ራሳቸው ተስማምተው አያውቁምና።

አለመስማማታቸውን ለመግለጥ አማርኛ ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም፤ አንዲት ፊደል ትበቃዋለች። ዘፈኑ ተቀዳለት። ዘፈኑ ተቀዳበት።

ሜታሊካ የተባለው የካሊፎርኒያ ባንድ ሁለቱንም ቀምሷል። በ1982፣ አንድም አልበም ሳይኖረው፣ «ኖ ላይፍ ቲል ሌዘር» የተባለ ሰባት ዘፈኖች ያሉበት የሙከራ ካሴት ሠራ። የሄቪ ሜታል ወዳጆች ካሴቱን እየቀዱ በፖስታ ተላላኩት። አገር አቋርጦ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሙዚቃ ይሸጥ ከነበረው ከጆን ዛዙላ እጅ ገባ፤ በ1983 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጣላቸው እሱ ነው። ያን ጊዜ ተቀዳላቸው።

በ2000 ደግሞ ለ«ሚሽን ኢምፖሲብል 2» ፊልም እየሠሩት የነበረው «አይ ዲሳፒር» የተባለ ዘፈን ገና ሳያልቅ ናፕስተር ላይ ተገኘ፤ ሬዲዮ ጣቢያዎችም ያሰሙት ጀመር። ባንዱ ኤፕሪል ላይ ናፕስተርን ከሰሰ። ሜይ 3 ቀን ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ዘፈኖቻቸውን ሲቀባበሉ የተገኙ ከ300 ሺህ በላይ ተጠቃሚዎችን ስም በካርቶን አስጭኖ ሳን ማቴዮ ከተማ ወደሚገኘው የናፕስተር ቢሮ ይዞ ሄደ። የገዛ አድናቂዎቹ ስም ዝርዝር ነው። ስግብግብ ተባለ፣ ተቀለደበት። በካሴት ቅብብል ያደገ ባንድ ዛሬ ቅብብልን ይከሳል ተብሎም ተተቸ።

ትችቱ ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ጁላይ 11 ቀን በአሜሪካ ሴኔት የፍትሕ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲናገር፣ የኡልሪክ ዋና አቤቱታ ማንም አልጠየቀንም የሚል ነበር። የ1982ቱን ካሴት ይዳረስልን ብለው የሰጡት እነሱ ናቸው፤ አስቀዱ። የ2000ውን ግን ገና ሳይጨርሱት ነው የተወሰደባቸው። ወጡ ሳይበስል ድስቱን የከፈቱበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ግሬትፉል ዴድ የተባለው ሌላው የካሊፎርኒያ ባንድ ከ1984 ጀምሮ ኮንሰርቱን ለሚቀዱ ሰዎች ለብቻቸው ቦታ ለይቶ ይሰጥ ነበር፤ ያም ቢሆን ቅጂው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ደጉም ቁጡውም የያዙት ፈቃድን ነው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮሚቴ ፊት፣ የቀድሞው የበርድስ ባንድ መሪ ሮጀር መጊን ሌላ ታሪክ ተናገረ። ከታወቁት አልበሞቹ ከቅድሚያ ክፍያው ሌላ ይህ ነው የሚባል ገንዘብ አላገኘም፤ ዘፈኖቹን በኢንተርኔት ያቀረበለት ኤምፒ3 ዶት ኮም የተባለው ድርጅት ግን ከሽያጩ ግማሹን ይሰጠው ነበር። ፐብሊክ ኤነሚ የተባለው የራፕ ቡድን አባል ቻክ ዲ ናፕስተርን አዲስ ዓይነት ሬዲዮ ነው ብሎ በይፋ ደገፈው። ዘፋኟ ኮርትኒ ላቭ ደግሞ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ባደረገችው ንግግር ሒሳብ ሠርታ አሳየች። 20 በመቶ ድርሻ የተዋዋለና አንድ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠለት ባንድ፣ ኩባንያው ወጪውን ሁሉ ቆርጦ ሲጨርስ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ወንበዴው የሙዚቃ ኩባንያው ውል ነው ማለቷ ነበር። ከመጀመሪያውም ድርሻው ያልደረሰው ሙዚቀኛ «ተቀዳብህ» ቢሉት ምን ይገባዋል?

ሬዲዮሄድ የተባለው ባንድ «ኪድ ኤ» አልበም ደግሞ ገበያ ሳይወጣ ቀድሞ ናፕስተር ላይ ተዳረሰ። ኦክቶበር 2000 ሲወጣ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የባንዱ ከፍተኛ ደረጃ 21ኛ ነበር። ምክንያቱ ቅብብሉ ብቻ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ቢያንስ ሽያጩን አልገደለውም።

ከታዋቂዎቹ ወርደን ብዙኃኑን ብንጠይቅስ? ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ዲሴምበር 2004 ላይ ይፋ ባደረገው ጥናት ከ2,700 በላይ ሙዚቀኞችና የዘፈን ደራሲዎች መጠይቅ ሞልተው ነበር። በነፃ መውረዱ ሙያዬን ጠቅሞታል ያሉት 35 በመቶ ናቸው። ለውጥ አላመጣም ያሉት 37 በመቶ፣ ጎድቶኛል ብቻ ያሉት 5 በመቶ ሆኑ። የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ማኅበር ከ2003 ጀምሮ ተራ ተጠቃሚዎችን ይከስስ ነበርና፣ 60 በመቶው ክሱ ለሙዚቀኛ አይጠቅምም ብለው መለሱ። መላሾቹ በዕጣ የተመረጡ ሳይሆኑ በገዛ ፈቃዳቸው የተሳተፉ ስለሆኑ ቁጥሩን የሙዚቀኛው ሁሉ ድምፅ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ያልታወቀ ሙዚቀኛ ቅብብሉን እንደ ማስታወቂያ፣ የታወቀው ደግሞ እንደ ኪሳራ ያየዋል የሚለው ግምት ግን ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ቻክ ዲን ያህል የታወቀ ደጋፊ መኖሩን ሳንረሳ።

ናፕስተር በፍርድ ቤት ተሸንፎ ጁላይ 2001 ላይ ተዘጋ። ማውጫው አንድ ቦታ ስለነበር ለመዝጋት ቀላል ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት እንደ ካዛ ያሉት ማውጫውንም በተጠቃሚዎች መካከል ስለበተኑት ለመዝጋት አስቸገሩ። ጊዜው ያመጣው ስትሪሚንግ ነው፤ በእሱ አድማጩ ሰምቶ ያልፋል እንጂ ቅጂ አይቀባበልም። ቃሉ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ዲሴምበር 2012 ላይ ሜታሊካ ዘፈኖቹን ስፖቲፋይ ለተባለው የስትሪሚንግ አገልግሎት ሲሰጥ፣ ላርስ ኡልሪክ ዜናውን ለማብሰር ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ወጣ። አብሮት የቆመው ሻን ፓርከር ነበር፤ ከናፕስተር መሥራቾች አንዱ።