ከመዝገብ ቤት ወደ ራውተር፦ የግል አይፒ አድራሻ አጭር ታሪክ



ከእናንተ መካከል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በቤቱ ሰርቨር አድርጎ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት ሰው ካለ፣ የማሽኑ አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ወይም በ10 እንደሚጀምር ያውቃል። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንቀበለዋለን። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው ግን ቁጥሩ የታሪክ ሰነድ መሆኑን ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታየ እጥረት ምክንያት፣ ለጊዜው ተብሎ ከተደረገ ስምምነት የተገኘ ነው። ያ ስምምነት በቤታችን የተቀመጠው ማሽን በኢንተርኔት ላይ ምን ሊሠራና ምን ሊከለከል እንደሚችል ወስኗል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት በ1969 ሥራ ሲጀምር የተገናኙት ማሽኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1970ዎቹ የማሽኖቹ ስምና አድራሻ ዝርዝር ኤሊዛቤት ፋይንለር በሚመሩት፣ በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የኤስ.አር.አይ. የመረጃ ማዕከል በአንድ ፋይል ይያዝ ነበር። አዲስ ማሽን ያለው ተቋም ለማዕከሉ ያመለክታል፤ ዝርዝሩ ይታረማል፤ ሌሎቹም የታረመውን ቅጂ ይወስዳሉ። የቁጥሮቹን ድልድል ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ፖስቴል ለረጅም ዓመታት ይዘውት ቆይተዋል። ይህ ሥርዓት በባሕርይው የመዝገብ ቤት ሥርዓት ነበር። እያንዳንዱ ማሽን በመዝገብ ላይ የሰፈረ አድራሻ ነበረው፤ በአድራሻውም ማንኛውም ሌላ ማሽን ሊያገኘው ይችል ነበር።

በመስከረም 1981 የወጣው የአይፒ ደንብ የአድራሻውን ርዝመት 32 ቢት አደረገው። ይህም 4,294,967,296 አድራሻዎች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቁጥሩ የማያልቅ ይመስል ነበር። ችግሩ የመጣው ከብዛቱ ይልቅ ከአከፋፈሉ ነው። አድራሻ የሚሰጠው በሦስት መጠን ነበር፤ ትልቁ 16,777,216፣ መካከለኛው 65,536፣ ትንሹ 256 አድራሻ ይይዛል። ሁለት ሺህ ማሽን ያለው ዩኒቨርሲቲ ትንሹ አይበቃውም፤ መካከለኛውን ቢወስድ አብዛኛው ጾሙን ያድራል። ብዙ ተቋማት ግን መካከለኛውን ወሰዱ። በመሬት ድልድል ታሪክ የምናውቀው ነገር እዚህም ደረሰ፤ ሰፊው ይዞታ ሳይታረስ ተቀምጦ አዲስ መጪው የሚሰፍርበት ጠፋ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሐንዲሶቹ በየአቅጣጫው መፍትሔ ፈለጉ። በ1993 አድራሻን በፈለጉት መጠን ለመሸንሸን የሚያስችል ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተባለው አሠራር ታተመ፤ ማሽኑ ሲከፈት አድራሻ በኪራይ ይቀበላል፤ ውሉን ካላደሰ አድራሻው ለሌላ ይሰጣል። በግንቦት 1994 ኬልድ ኤጌቫንግና ፖል ፍራንሲስ የአድራሻ ልወጣን፣ ማለትም ኤን.ኤ.ቲ.ን፣ በሰነድ አቀረቡ። በዚህ አሠራር በአንድ ግቢ ያሉ ብዙ ማሽኖች በአንድ የውጭ አድራሻ ይወጣሉ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሐሳቡን ያቀረቡት ዘላቂው መፍትሔ እስኪደርስ የሚያገለግል የአጭር ጊዜ መፍትሔ አድርገው ነበር።

ለእነዚህ ግቢዎች የሚሆን፣ ማንም ሳያስፈቅድ የሚጠቀምበት የአድራሻ ክልል ይመደብ የሚለው ሐሳብ በመጋቢት 1994 ቀረበ። በሐምሌ ተቃዋሚዎች በሌላ ሰነድ መለሱ። የኢንተርኔት አሠራር የቆመው እያንዳንዱ አድራሻ በዓለም አንድ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው፤ ሁለት የግል መረቦች አንድ ቀን ቢዋሃዱ አድራሻቸው ይጋጫል የሚል ነበር ሙግታቸው። ክርክሩ በየካቲት 1996 አር.ኤፍ.ሲ. 1918 በተባለው ሰነድ ተቋጨ። ሦስት ክልሎችም ለግል ጥቅም ተከለሉ። ከሦስቱ ትልቁ፣ በ10 የሚጀምረው፣ ቀደም ሲል የአርፓኔት የራሱ ቁጥር ነበር። አርፓኔት በ1990 ሲዘጋ ክልሉ ባዶ ቀርቶ ነበር። የመጀመሪያው የጋራ መረብ ቁጥር የግል ቤቶች ቁጥር ሆኖ የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

የእነዚህ ውሳኔዎች ድምር የቤት ሰርቨር ባለው ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል። የኪራይ አድራሻ ለሚመጣና ለሚሄድ ስልክ ይስማማል፤ ሌሎች የሚፈልጉት ሰርቨር ግን ዛሬ በአንድ ቁጥር፣ ነገ በሌላ ሊገኝ አይገባም። ስለዚህ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። በራውተሩ ላይ የማሽኑን ማክ አድራሻ መዝግቦ ሁልጊዜ ያው ቁጥር እንዲሰጠው ያዛል፤ ወይም በማሽኑ ላይ ቋሚ ቁጥር ይጽፋል። ሁለተኛውን ከመረጠ ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያከራየው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንድ ቀን ሁለት ማሽኖች በአንድ አድራሻ ይጣላሉ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ በደብተር የሚጽፍ ሰው የእነፋይንለርን ሥራ በትንሹ እየሠራ ነው።

ልዩነቱ ይህ መዝገብ ከግቢው ውጭ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ኤን.ኤ.ቲ. ከውስጥ የወጣውን ጥያቄ መዝግቦ መልሱን ለጠያቂው ያደርሳል። ከውጭ በራሱ ተነሣሽነት የመጣ ጥያቄ ግን የማን እንደሆነ አያውቅምና ባለቤቱ አስቀድሞ ፖርት ካልከፈተለት ይወድቃል። ስለዚህ የቤት ማሽን መጠየቅ ይችላል፤ መጠየቅን መቀበል ግን ያቅተዋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997፣ አር.ኤፍ.ሲ. 1918 ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። የአፍሪካ የአድራሻ መዝገብ ድርጅት አፍሪኒክ በ2005 እውቅና ሲያገኝ ከአምስቱ አህጉራዊ መዝጋቢዎች የመጨረሻው ነበር። ዋናው ቋት በየካቲት 3 ቀን 2011 የመጨረሻዎቹን አምስት ትልልቅ ክፍሎች ለአምስቱ አከፋፍሎ ባዶ ሆነ። በ2012 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ሲያስተናግዱ በውስጥ የሚጠቀሙባቸው 4,194,304 አድራሻዎች ተከለሉ። እንዲህ ባለ መረብ ውስጥ የቤቱ ራውተር ራሱ ከሌላ በር ጀርባ ስለሚሆን፣ ባለቤቱ ፖርት ቢከፍትም ሰርቨሩ ከውጭ አይደረስበትም። ድረ ገጹን ለዓለም ማሳየት የሚሻ ተማሪ የሌላ ሰው ማሽን መከራየት ይገደዳል።

ኤን.ኤ.ቲ. ቤታችንን ከጥቃት ጠብቆልናል የሚል መልስ ይሰነዘራል። ጥበቃው የሚገኘው ግን ያልተጠራውን እንግዳ ከመመለስ ነው፤ ይህንንም ፋየርዎል አድራሻ መጋራት ሳያስፈልግ ይሠራዋል። ልዩነቱ ፋየርዎል በሩን መክፈትም መዝጋትም ለባለቤቱ መተዉ ነው። በታኅሣሥ 1995 በመጀመሪያ የታተመው 128 ቢቱ አይፒ ስሪት 6 ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱን አድራሻ ሊመልስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ከአሮጌው ጎን ለጎን ይሠራል። ጊዜያዊው መፍትሔ ችግሩን ታጋሽ ስላደረገው ዘላቂው መፍትሔ አስቸኳይ መሆኑ ቀረ።

ስለሆነም 192.168ን ስናስተምር ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውንም እናስተምር። ማን ወሰነው፣ በምን እጥረት፣ ለምን ያህል ጊዜ ታስቦ የሚሉትን ጥያቄዎች ያወቀ ተማሪ፣ የመረብ ንድፍ ሲቀርብለት እያንዳንዱ ማሽን አገልግሎት መስጠት ይችላል ወይስ መቀበል ብቻ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የማያነሣ መሐንዲስ የሌሎችን ጊዜያዊ ውሳኔ በቋሚነት እየገነባ ይኖራል።