የጠብታ ሶሪያሲስ፦ ከቶንሲል በኋላ የሚመጣው ሽፍታ

«ሶሪያሲስ» የሚለውን ስም ከቆዳ ሐኪም የሰሙ ብዙ ናቸው፤ «ጋቴት ሶሪያሲስ» ሲባሉ ግን ግራ ይገባቸዋል። «ጋቴት» ጠብታ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ስለሆነ በአማርኛ «የጠብታ ሶሪያሲስ» ብንለው ይበቃል። «ነጠብጣብ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ነጠብጣብ የማያወጣ የቆዳ ሕመም ስንት አለ?

መልኩም እንደ ስሙ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞሉ፣ ስስ ቅርፊት የለበሱ ሽፍታዎች ሆድ፣ ጀርባ፣ ክንድና ጭን ላይ በድንገት ይወጣሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላታቸው ስለማይጎላ ጭርት ወይም ቋቁቻ ሊመስሉ ይችላሉ። በብዛት የሚይዘው ልጆችንና ከ30 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶችን ነው።

የሚገርመው አመጣጡ ነው። ብዙውን ጊዜ ሽፍታው የሚታየው ቶንሲል ከታመሙ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ነው። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ «ቶንሲል ካልታከመ ልብ ይጎዳል» የሚባለውም በዚሁ በሽታ አምጪ ምክንያት ነው። ባክቴሪያው ግን ሽፍታው ውስጥ የለም። ጉሮሮ ውስጥ ሊዋጉት የተነሡት ቲ ሴሎች የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ወደ ቆዳ ይሄዳሉ። የባክቴሪያው ኤም ፕሮቲን ኬራቲን ከተባለው የቆዳችን ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል የገዛ አካላችንን በጠላትነት ይፈርጁታል፤ ተመራማሪዎች ይበልጥ የሚያዘነብሉት ወደዚህ ማብራሪያ ነው። በአንድ ወር ገደማ ይታደስ የነበረው የላይኛው ቆዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተመረተ ይደራረባል፤ ቅርፊቱም ይኸው ነው።

ታዲያ ቶንሲል የያዘው ሁሉ ለምን አይወጣበትም? በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ ኤችኤልኤ-ሲደብሊው6 የተባለ የዘረመል ዓይነት በእነዚህ ሕሙማን ላይ ከሌላው ሰው በእጅጉ በዝቶ ይገኛል። ዘር ብቻውን ግን አይፈርድም፤ ዘረመላቸው አንድ ከሆኑ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል።

የጉሮሮው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ሶሪያሲሱ አይተላለፍም። በሽፍታው ምክንያት ልጁን ከእኩዮቹ መለየት ከንቱ ጭካኔ ነው። ብዙዎች ላይ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠፋል፤ አንዳንዶች ላይ ግን ወደ ዘላቂውና ቅርፊቱ ወፍራም ወደሆነው ሶሪያሲስ ይለወጣል። አንቲባዮቲክ ጉሮሮውን ያክማል፤ ሽፍታውን ለማጥፋቱ ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ቆዳውን ብቻ አያሳዩ፤ ባለፈው ወር ጉሮሮ ታሞ ከነበረም ይናገሩ።