የሚጥል በሽታና የማስታወስ ችሎታ፤ ከአንድ ሕመምተኛ ታሪክ የተገኘ ትምህርት

የማስታወስ ችሎታ በመላው አንጎል የተሰራጨ ነው ወይስ የተወሰነ ሥፍራ አለው? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ለመልሱ መንገድ ከከፈቱት ዋነኛው በሚጥል በሽታ ይሠቃይ የነበረ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ሄንሪ ሞሌይሰን በአሜሪካ፣ በኮነቲከት ግዛት በ1926 ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሽታው በልጅነቱ ጀመረው። የተማሪዎችን ፌዝ መቋቋም ስላቃተው ትምህርቱን አቋርጦ፣ ኋላ ተመልሶ በ21 ዓመቱ የሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ። መድኃኒት ስላልረዳውም በ1953 ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ከግራና ከቀኝ የአንጎሉን የጎን ክፍሎች ውስጠኛ ወገን በቀዶ ሕክምና አወጣለት። ከተወገደው ውስጥ ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ከፊሉ ይገኝበታል።

የበሽታው መነሣት በእጅጉ ቀነሰ፤ ነገር ግን ሰውዬው አዲስ ነገር በአእምሮው መያዝ ተሳነው። ከሞንትሪያል የመጣችው የሥነ ልቦና ሊቅ ብሬንዳ ሚልነር በሚያዝያ 1955 ስትመረምረው ጊዜው መጋቢት 1953፣ ዕድሜውም 27 እንደሆነ ነገራት፤ በእርግጥ ግን 29 ዓመቱ ነበር። ይሁን እንጂ የማሰብ ችሎታው መለኪያ 112 ሲሆን፣ ከአማካዩ በላይ ነበር። የልጅነቱንም ዘመን ያስታውስ ነበር። ሁለቱ ምሁራን ውጤቱን በ1957 ሲያሳትሙ፣ በሁለቱም ወገን የሚደረግ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚያስከትለውን ጉዳት ለሌሎች ሐኪሞች አስታወቁ።

ሚልነር ከዚያ በኋላ በመስተዋት እየተመለከተ ኮከብ እንዲሥል አደረገችው። በሦስት ቀን ልምምድ ስሕተቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ሆኖም ልምምዱን ማድረጉን ፈጽሞ አላስታወሰም። ከዚህም የእጅ ሙያን መልመድና የተማሩትን ነገር ማስታወስ በልዩ ልዩ የአንጎል ክፍሎች እንደሚከናወኑ ታወቀ። በአንድ ወገን ብቻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች በመመርመርም፣ ብዙውን ጊዜ የግራው ጉዳት የቃላትን፣ የቀኙ የሥዕልንና የመልክን ትውስታ እንደሚያዳክም ተረጋገጠ።

ሞሌይሰን በ2008 አረፈ፤ እስከዚያው ድረስ ምሁራን የሚጠሩት በስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ ነበር።

ከዚህ ታሪክ መምህራን ሊገነዘቡት የሚገባ ፍሬ ነገር አለ። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ሁሉ የማስታወስ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ችግሩ ያለበት ተማሪም ትናንት የተማረውን ዛሬ ቢረሳ ሰነፍ ወይም ደካማ አእምሮ ያለው ነው ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም፤ ማስተዋልና ማስታወስ አንድ አይደሉምና። ስለሆነም ትምህርቱን መደጋገም፣ በጽሑፍ ማስያዝ፣ ቃልን ከሥዕልና ከተግባር ጋር ማጣመር ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ልጁን ከጓደኞቹ ፌዝ መጠበቅ የመምህሩ ቀዳሚ ኃላፊነት ነው።