ባዶ እጅ በላስ ቬጋስ

ጉራና «ብለፍ» አንድ የሚመስለው ሰው ካርታ ጠረጴዛ ጋ ባይጠጋ ይሻለዋል። ጉረኛ ብዙ ያወራል። ፖከር ላይ ብለፍ የሚያደርግ ሰው ግን አፉን ዘግቶ ቺፑን ይገፋል።

ለዚህ ከ2003ቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የዓለም የፖከር ውድድር የተሻለ ምስክር አላገኘንም። ቦታው ላስ ቬጋስ፣ ቢኒየንስ ሆርስሹ ካዚኖ። 839 ተጫዋቾች፣ መግቢያው 10,000 ዶላር፣ ለአንደኛው 2.5 ሚሊዮን ዶላር። መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንዱ ሊባኖስ የተወለደው፣ በካርታ የሚተዳደረው ሳም ፋርሃ ነው። ሌላው የ27 ዓመቱ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር፤ መግቢያውን ያገኘው መቶ ዶላር እንኳ በማይፈጅ የኢንተርኔት ጨዋታ አሸንፎ ነው። (ስሙ «ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት ነው። እውነተኛ የቤተሰብ ስም እንጂ ቅጽል አይደለም!)

ጠረጴዛው ላይ 9፣ 2፣ 6 ወጣ። ኩዊንና 9 የያዘው ፋርሃ ጥንድ ሠራ። መኒሜከር ኪንግና 7 ይዞ ምንም የለውም። አራተኛዋ ካርታ 8 ስትሆን ግን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስፔድ ተደረደረ። መኒሜከር የስፔድ ኪንግ በእጁ ስለነበር አንድ ስፔድ ብትጨመር አምስት ይሞላለታል፤ 5 ወይም 10 ብትመጣ ደግሞ ተከታታይ ይሠራል። ፋርሃ 300,000 ሲያስይዝ ወደ 800,000 ከፍ አደረገበት። አምስተኛዋ 3 ሆነች። አልጠቀመችውም። ያለውን ሁሉ ወደ መሃል ገፋ።

ፋርሃ ቆም ብሎ አሰበ። ስፔዱ ሳይሞላልህ ቀረ አይደል ብሎም ጠየቀው። እቅጩን ነበር የተናገረው! መኒሜከር ድርቅ ብሎ ተቀመጠ። ፋርሃ ጥንዱን ጣለ።

ለምን ሠራ? ውሸቱ ከፊቱ ከነበረው ጨዋታ ጋር ስለገጠመ ነው። ሦስተኛው ስፔድ ሲወጣ ከፍ ያደረገ ሰው በመጨረሻ ሁሉን ሲገፋ አምስት ስፔድ ያለው ይመስላል። ደግሞም በቺፕ የሚመራው መኒሜከር ነበር፤ ፋርሃ ከፍሎ ቢሸነፍ ጨዋታው ያበቃለታል። በጥንድ 9 እዚህ ድረስ መሄድ ለማንም ይከብዳል።

ሒሳበኛው ጆን ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ፖከርን አስልቶታል። ብለፍ የሚደረገው በመካከለኛ ካርታ ሳይሆን በመጥፎው ነው። መካከለኛው ተገልጦም ሊያሸንፍ ይችላል፣ መጥፎው ግን ሌላ ተስፋ የለውም። ሁልጊዜ ያደረገው ሰው አይፈራም፤ ጭራሽ የማያደርገው ደግሞ ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ሁሉም ይሸሸዋል። መሃል ያለውን ያህል ያስያዘ ሰው ኪሳራ ውስጥ እንዳይገባ ከሁለት አንዴ ሊሳካለት ይገባል።

የተሳካ ብለፍ ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ይቀራል። ያን ዓመት ግን ኢኤስፒኤን የተደበቁትን ካርታዎች በካሜራ ስላሳየ፣ ፋርሃ ያላየውን የቴሌቪዥን ተመልካች አየው። በ2004 2,576፣ በ2006 ደግሞ 8,773 ሰው ተመዘገበ። ሒሳብ ሠራተኛው በባዶ እጅ ማሸነፉን ሁሉም አይቷል፤ በቺፕ ይመራ እንደነበር ልብ ያሉት ግን ጥቂት ይመስሉናል።