የቤተልሔም የሣር ክዳን

የጋይንቷ ቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ለሚያያት እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ፣ ሣር ክዳን ነበረች። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በክቡ መካከል በአክሱም ሥልት የታነጸ፣ ባለአራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ አየ። «ግኝት» ተባለ፤ ካህናቱ ግን ሲቀድሱበት ኖረዋል። አሮጌውን ሳያፈርሱ ዝናብ የሚመልስ ልባስ ያለበሱት የአገሩ ሰዎች ቅርስ መጠበቅን ከማንም ቀድመው ያውቁ ነበር።

ክዳኑ ሕንፃውን ከተመራማሪ ሰወረ፣ ሣርም ለእሳት ቅርብ ነው የሚል አይጠፋም፤ እውነት አለው። ይሁንና በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም. የቆሙት የብረት መጠለያዎች ራሳቸው ስጋት ሆነዋል፤ ሣርን ግን የደብሩ ሰው በእጁ ይቀይረዋል። ደብሩ የሚኖረው ደግሞ በሰው ነው፤ ቤተልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያም ናት፤ ተማሪው ድጓውን በብራና ጽፎ፣ የዜማ ምልክቱን በመምህሩ ፊት አርሞ ይመሰክራል። ስለዚህ የጥገና ገንዘብ ሲገኝ ከግንቡ እኩል ለጉባኤ ቤቱ ተማሪ ቀለብ ይመደብ እላለሁ፤ ክዳኑን የሚጠብቀው እዚያ የሚያድረው ሰው ነውና።