የጉበት ትልን የመለየት ጥበብ፤ ከመልክ እስከ ዘር ውርስ

በሳይንስ ትምህርት የአንድን ፍጡር ስም ማወቅ ፍጡሩን እንደ ማወቅ ሲቆጠር ይታያል። በበግ፣ በፍየልና በከብት ጉበት ውስጥ የሚኖረው የጉበት ትል ታሪክ ግን ስም የምርምር ፍጻሜ አለመሆኑን ያስረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1379 ፈረንሳዊው ዣን ደ ብሪ ስለ በግ ጥበቃ ሲጽፍ ይህን ትል አውስቷል፤ የሕመሙን መነሻ ግን በጎች ከሚግጡት አንድ ተክል ጋር አያያዘው። በ1758 ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ለትሉ ፋሲዮላ ሄፓቲካ የሚለውን ስም ሰጠው። በ1855 እንግሊዛዊው ኮቦልድ ከቀጭኔ የተገኘውን ረዘም ያለ ትል ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ብሎ ለየው። መለያው እንግዲህ መጠንና ቅርጽ ነበር።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን መንጋን አላዳነም። በ1879 እና በ1880 በእንግሊዝ አገር 3 ሚሊዮን ያህል በጎች በዚሁ በሽታ እንዳለቁ ይነገራል። ከዚህ ጥፋት በኋላ በኦክስፎርድ ቶማስ፣ በላይፕሲክ ሎይካርት በየበኩላቸው ተመራምረው፣ ትሉ በረግረግ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳይራባ ወደ እንስሳ እንደማይተላለፍ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አረጋገጡ። መከላከያውም ረግረጉን ማጠንፈፍና ግጦሹን መጠበቅ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ሁለቱ ዝርያዎች የሚራቡባቸው ቀንድ አውጣዎች የተለያዩ ስለሆኑ ትሉን ለይቶ ማወቅ ተግባራዊ ጥቅም አለው። በአገራችን ሄፓቲካ በደጋ፣ ጂጋንቲካ በቆላ ያመዝናል፤ በመካከለኛው ከፍታ ግን ሁለቱም ይገኛሉ። በዚህ ስፍራ የትሉ ርዝመት እንደ ዕድሜውና እንደሚኖርበት እንስሳ ስለሚለያይ፣ በዓይን የሚሰጥ ፍርድ ሁልጊዜ አያስተማምንም።

በጃፓንና በኮሪያ የተገኙ፣ መልካቸው በሁለቱ መካከል የሆነ ትሎችም ሊቃውንትን ብዙ አከራክረዋል። ክርክሩን ያቀለለው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ነው። ከእናት ወገን ብቻ የሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዲ ኤን ኤ የአንዱን ወላጅ ዘር ብቻ ይመሰክራል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወላጆች ከሚወረሰው የኒውክሊየስ ዲ ኤን ኤ ጋር መመሳከር አለበት። ምስክሮቹ ሲነጻጸሩ፣ ከእነዚህ ትሎች ብዙዎቹ ከሁለቱ ዝርያዎች መዳቀል የመጡና ያለ ወንዴ ዘር የሚራቡ መሆናቸው ተገለጸ።

መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከዚህ የሚያገኙት ቁም ነገር ግልጽ ነው። ሁለቱን የላቲን ስሞች በቃሉ ያጠና ተማሪ የቤተሰቡን በግ ከረግረግ ሣር አያርቅም። ምን ይመስላል፣ የት ይራባል፣ ከማን ተወለደ የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች በታሪክ ቅደም ተከተላቸው የተማረ፣ በመንደሩ ወንዝ ዳር ያለውን ቀንድ አውጣም እንዲመለከት የተመራ ተማሪ ግን፣ ዕውቀት እንዴት እንደሚታረምና ለኑሮ እንዴት እንደሚጠቅም በአንድነት ይረዳል።